«አግዙኝ» ማለት ነጥብ ያስቀንሳል? ከወንፈል እስከ ማኅበራችን መዝገብ



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን የብድር ኮሚቴያችን አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቅርቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለሚቀጥለው ዙር ብድር አባላት በነጥብ ይመዘኑ ይላል። ቁጠባዋን በወቅቱ ያስገባች፣ ከስብሰባ ያልቀረች፣ ብድሯን በቀኑ የመለሰች ነጥብ ታገኛለች። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተናል። ቀጥሎ ግን «የመክፈያ ጊዜ ይራዘምልኝ ያለች፣ ሒሳብ አያያዝ አሳዩኝ ያለች፣ የሥራዋን ችግር ለኮሚቴ ያመጣች ነጥብ ይቀነስባት» የሚል አለበት። ምክንያቱ ደጋግማ እርዳታ የምትጠይቅ ሴት ሥራዋ ደካማ ነው የሚል ነው። ነገሩ አከራክሮን፣ ሳንቋጨው፣ ለጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ።

እኔ በዚያን ዕለት ዝም ብዬ ወጣሁ። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ የምናገረው ነገር የራሴን ገመና የሚነካ ስለነበረ ነው። ዛሬ ግን በዚህች መጽሔታችን ልናገረው ወስኛለሁ። ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። «አግዙኝ» የሚለው ቃል በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ሳናይ ነጥብ መቀነስ ከጀመርን አያቶቻችን በብዙ ዘመን የሠሩትን በአንድ ስብሰባ እናፈርሰዋለን ብዬ እፈራለሁ።

የገበሬው ብልሃት

ብዙዎቻችን የገጠር ልጆች ነን። ደቦንና ወንፈልን በወሬ ሳይሆን በዓይናችን አይተን አድገናል። ሁለቱን ግን ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር እንጠራቸዋለን፤ ልዩነታቸው ለዛሬ ጉዳያችን ዋና ነገር ስለሆነ ላስታውሳችሁ።

ደቦ ማለት አንዱ ሥራ የበዛበት ሰው ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ ጠላውንና እንጀራውን አዘጋጅቶ፣ በአንድ ቀን የሚያሠራው ሥራ ነው። አጨዳ ሊሆን ይችላል፣ ውቂያ ሊሆን ይችላል፣ ቤት መሥራትም ሊሆን ይችላል። የመጣው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ፣ እየዘፈነ ሠርቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን በቁጥር ነው። ዛሬ እኔ ላንቺ አንድ ቀን ከሠራሁ ነገ አንቺ ለእኔ አንድ ቀን ትሠሪያለሽ። ጥቂት ሰዎች ይስማማሉ፣ ተራ ይይዛሉ፣ ተራው ዞሮ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ልብ በሉ፤ በሁለቱም ውስጥ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጎበዝ የሚባለውም ገበሬ ደቦ ይጠራል። እንዲያውም እርሻው ሰፊ የሆነ፣ ሥራው የደረሰለት ሰው ነው ደቦ የሚያበዛው። ሰብሉ ደርሶ ዝናብ እያስፈራራው «ለብቻዬ አጭደዋለሁ» የሚል ገበሬ ቢኖር ሰው ጎበዝ አይለውም፤ እህሉ ማሳ ላይ ሲበሰብስ ያየዋል እንጂ። ደካማ የሚባለው የጠየቀው ሳይሆን ወንፈል ተሠርቶለት ተራው ሲደርስ የቀረው ነው። አያቶቻችን ነጥብ የሚቀንሱት መመለስ ባለመቻል ነበር። መጠየቅ ሥራው ራሱ ነበር።

ይህ የወንዶች ነገር ብቻ እንዳይመስለን። እኛ ባለንበት በሲዳማ ምድር እንሰት ሲደርስ መፋቁ የሴቶች ሥራ ነው። ግንዱን መፋቅ፣ ሥሩን መክተፍ፣ መጭመቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማብላላት፣ ይህ ሁሉ ለአንዲት ሴት ከባድ ስለሆነ ሴቶች ተጠራርተው ይሠሩታል። በደቡብ አገራችን በተለያዩ አካባቢዎች ደግሞ ዊጆ የሚባል አለ፤ አንድ ላም ያላቸው ሴቶች የየዕለቱን ወተት በተራ ለአንዷ ያጠራቅማሉ። አንድ ላም የምትሰጠው ወተት ለብቻው ተንጦ የሚሸጥ ቅቤ አይወጣውም፤ የአምስትና የስድስት ቤት ወተት አንድ ላይ ሲሆን ግን ቅቤው ገበያ ይወጣል። እኔ «ወተትሽን አምጪልኝ» ስልሽ ልመና አይደለም፤ ተራዬ ስለሆነ ነው። ነገ ደግሞ ያንቺ ነው።

ከተማ ስንገባ

ከተማ ሲመጣ ወንፈል ችግር ገጠመው። ጎረቤትሽን አታውቂውም፤ ዛሬ ያለው ነገ ቤት ለቅቆ ይሄዳል። የሚታጨድ የጋራ ማሳም የለም። ታዲያ ከየአገሩ የመጣ ሰው ቢቸግረው ማንን ይጠራል?

እድርና እቁብ ለዚህ ጥያቄ የተገኙ መልሶች ናቸው። እድር በአዲስ አበባ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት እየተስፋፋ እንደመጣ፣ ከገጠር የመጡ የጉራጌ ሠራተኞችም በዚህ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ከተማዋን ሲመታ ሬሳ የሚያነሣ ሰው እስኪጠፋ ድረስ የሆነውን ሽማግሌዎች ሲያወሩ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ለብቻ መሞት ምን እንደሆነ ያየ ከተማ ለቀብር መደራጀቱ አያስገርምም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ ስለ ኢትዮጵያ የመረዳዳት ልማዶች «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ሲጽፉ እድርና እቁብ በከተማው ኑሮ ውስጥ ሥር ሰድደው ነበር።

የእድርን ሥራ አስቡት። ሰው ሲሞትብሽ ቤት ለቤት እየዞርሽ «እባካችሁ ድንኳን» አትይም። ጡሩምባው ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይመጣል፤ ንፍሮው ይቀቀላል። የጠየቅሽው አንቺ አይደለሽም፤ ደንቡ ነው የጠየቀልሽ። እቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣው የወጣላት ሌላ ብትሆንም የቸገራት እህት ተነሥታ «ልጄ ታሞብኛል፣ ለእኔ ልቀቁልኝ» ካለች፣ ዳኛውና ዋሶቹ ባሉበት ተነጋግረው ሊለቁላት ይችላሉ። እድርና እቁብ በከተማው ያደረጉት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ የእርዳታ ጥያቄን ከልመና አውጥተው ሥርዓት አደረጉት።

የእኛም ከተማ ታሪክ ከዚሁ ይገናኛል። ሀዋሳ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሲዳማ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ከብቱን ሐይቁ ዳር የሚያሰማራባት ቦታ ነበረች። ከተማ ስትሆን ከየአቅጣጫው ሰው መጣ። ጡረታ የወጣው ወታደር፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ኋላም የእርሻ ኮሌጁና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ እዚህ ተገናኘ። ቋንቋውና እምነቱ የተለያየ ሰው በአንድ የእድር ድንኳን ሥር ተቀመጠ። እኛ ማኅበር ስንመሠርት አዲስ ነገር የፈጠርን መስሎን ነበር፤ እናቶቻችን ግን ቀድመውን ነበር።

አንድ ጉድለት ግን መናገር አለብኝ። በብዙ እድሮች መዝገብ ላይ የሚጻፈው የባል ስም ነበር። ንፍሮውን የምትቀቅለው፣ እንግዳውን የምታስተናግደው ሴት ስትሆን ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ወንዶች ነበሩ። ሴቶች የራሳቸውን እድር ያቋቋሙት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከልጅ መማር

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዕድሜ ገፋ ያላችሁት ታስታውሳላችሁ። ዘመቻው በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ሲዳምኛ አንዱ ነበር። ኢትዮጵያም ለዚህ ሥራ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታበታለች። ያን ዘመን ያልወደደው ብዙ ነው፤ የሚወቀስበትም ብዙ ነው። እኔ ግን ከዚያ የማልረሳው አንድ ነገር አለ። እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው ከጎረቤት ልጅ ነው። ሰባት ልጅ የወለደች፣ የሠፈሩ ሰው የሚያከብራት ሴት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ከማይሞላው ልጅ ፊት ተቀምጣ «ይህችን ፊደል እንደገና አሳየኝ» ትል ነበር። ማታ ደግሞ ለእኛ ታሳየናለች። ማንም ነጥብ አልቀነሰባትም። ቁም ነገሩ ከኋላ ስመጣ ይገባችኋል።

ቢሮና ፋብሪካ ውስጥ

«ይህ ሁሉ የማኅበራዊ ኑሮ ነው፤ ሥራ ግን ሌላ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኮሚቴያችንም ያለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ የሆነውን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1955 ፒተር ብላው የተባለ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ስለ አሜሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከተመለከታቸው ቢሮዎች በአንዱ ሕጉ «ችግር የገጠመው ሠራተኛ የሚጠይቀው አለቃውን ብቻ ነው፤ የሥራ ባልደረባውን መጠየቅ ክልክል ነው» ይል ነበር። ሠራተኞቹን የሚመዝነውም፣ ነጥብ የሚሰጠውም ያው አለቃ ነው። ታዲያ ምን ሆነ? ሠራተኛው አለቃውን መጠየቅ ፈራ፤ «አያውቅም» ይለኛል ብሎ። ስለዚህ ሕጉን ጥሰው እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር። ብላው እንዳየው ይህ የተከለከለ መመካከር ሥራውን አሻሻለው እንጂ አላበላሸውም። ዐዋቂው ሠራተኛ ጊዜውን ሰጥቶ አክብሮት ያገኛል፤ ጠያቂው አክብሮት ሰጥቶ መልስ ያገኛል። ይሁን እንጂ ደጋግሞ ዐዋቂውን ማስቸገር ስለሚያሳፍር ብዙዎቹ በችሎታ ከሚመስሏቸው ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይረዳዱ ነበር። ይህን ሳነብ «ወንፈል ነው!» አልኩ። ቢሮ ውስጥ የገባ ወንፈል።

የኮሚቴያችን ሐሳብ የሚያመጣብን አደጋም እዚህ ላይ ይታየኛል። የሚመዝነውና የሚጠየቀው አንድ ሲሆን፣ መጠየቅም ነጥብ ሲያስቀንስ፣ ችግር አይጠፋም፤ ይደበቃል እንጂ።

ወደ ፋብሪካ እንምጣ። ሳኪቺ ቶዮዳ የተባለ ጃፓናዊ ፈልሳፊ ክሩ ሲበጠስ ራሱ የሚቆም የሽመና ማሽን ሠራ፤ የታወቀው ዓይነት የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ቀድሞ ማሽኑ ክር ተበጥሶም መሽመኑን ይቀጥላል፤ የተበላሸ ጨርቅ በክምር ይወጣል። አዲሱ ግን አንድ ክር ሲበጠስ ይቆምና ሰው ይጠራል። በዚህ የተነሣ አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን መጠበቅ ቻለ። ልጁ በመሠረተው በቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ይኸው ሐሳብ ወደ ሰው ተላለፈ። ችግር ያየ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፤ መብራት ይበራል፤ የቡድን መሪው ይመጣል። በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመድ በመሳቡ የሚቀጣ የለም። ያ ኩባንያ ደግሞ በዓለም ላይ ከሚታወቁት የመኪና አምራቾች አንዱ ሆነ።

ይህ ትምህርት ወደ እኛ አገርም መጥቷል። መንግሥታችን እርዳታ ጠይቆ ከጃፓን ጋር የካይዘን ሥራ ጀመረ፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመ። አገርም «አሳዩኝ» ትላለች ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ብዙዎች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች የልብስ ስፌት ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የነኩት እዚያ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ የእኛ አባላት ናቸው። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ መጀመሪያ መርፌ ሲሰበርብኝ እጄን አንሥቼ መጥራት አፍር ነበር። ዝም ብዬ ስነካካው ቆይቼ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ሥራ ይከመራል። እጅ ማንሣት ስለምድ ነው ኮታዬን መሙላት የቻልኩት።» ይህ ከመጽሐፍ የወጣ አይደለም፤ የእኛው ልጅ ቃል ነው።

የእኔ መዝገብ

አሁን ወደ ገመናዬ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገንዘብ ያዥ አድርጋችሁ መርጣችሁኝ ነበር። የመረጣችሁኝ በታማኝነቴ እንጂ በሒሳብ ዕውቀቴ አልነበረም። አሞራ ገደል ላይ አሳ ስጠብስ የኖርኩ ሴት ነኝ። የቆሮሶንና የአምባዛን ዋጋ በጠዋት ገበያ በዓይኔ እገምታለሁ፤ ባለ ብዙ ዓምድ መዝገብ ግን አልለመድኩም። የማያውቁትን ሥራ ሲቀበሉ «አሳዩኝ» ማለት ደንብ ነበር፤ እኔ ግን አፈርኩ።

በጥር ወር ሒሳብ ስዘጋ መዝገቡ ከሣጥኑ በ1,840 ብር በለጠ። ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ለማን ልናገር? «ገንዘብ ያዧ በላችው» መባል ታየኝ። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። በማግስቱ ለዘይት መግዣ ካስቀመጥኩት ከራሴ ገንዘብ 1,840 ብር ሣጥኑ ውስጥ ጨመርኩ። በዚህ የዳንኩ መሰለኝ። ግን ከዚያ ወዲያ መዝገቡን መክፈት ፈራሁ። ስህተቱ የት እንዳለ ስለማላውቅ ነገም ይደገማል ብዬ ሰጋሁ። ጸሐፊዋ «መዝገቡን እንይ» ስትለኝ ሰበብ እፈጥር ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንዲት እህታችን 3,000 ብር ብድር ጠየቀች። አሞራ ገደልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በጾም ወራት አሳ ፈላጊው ይበዛል፤ ያን ጊዜ ዘይት፣ ከሰልና ሽንኩርት አስቀድማ የገዛች ሴት የዓመት ጉድለቷን ትሞላለች። እኔ በሒሳቡ ስላልተማመንኩ «ለጊዜው ገንዘብ የለም» አልኳት። ገንዘብ ግን ነበር። እርሷም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ እሺ ብላ ሄደች። ያን ጾም ባዶ እጇን፣ የሌላ ሰው አሳ በቀን ሒሳብ ስትጠብስ አሳለፈች። በእኔ ዝምታ የእርሷ ሥራ ተጎዳ። በእርሷም ዝምታ የእኔ ስህተት ሳይታወቅ ቆየ።

በግንቦት ወር አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ቤት መጥታ ቡና እየጠጣን ሳለ መዝገቡን ፊቴ ላይ ከፍቼ እንደተቀመጥኩ አየችኝ። «እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለችኝ። ማልቀሴን አላወቅኩም ነበር። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ከልጅ ፊት ተቀምጣ «እንደገና አሳየኝ» ስትል። «ልጄ፣ አልቻልኩም፤ አግዢኝ» አልኳት።

ያቺ ልጅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። አንዲት አባል የመለሰችው 1,840 ብር አንድ ጊዜ በተከፈለበት ቀን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ደረሰኞቹን ስገለብጥ፣ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ከሣጥኑ አንድም ብር አልጎደለም። የጎደለው አራት ወር እንቅልፌና የአንዲት እህቴ የጾም ገበያ ነው። አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኔ ደጃዝማችነት አልፈለግሁም፤ ያችን እህቴን ግን የጾም ሥራዋን አስቀረሁባት። በኋላ ቤቷ ሄጄ ነገርኳት፤ ይቅርም አለችኝ። ዛሬ ይህን የምጽፈውም በእርሷ ፈቃድ ነው።

እስቲ በአዲሱ የነጥብ አሰጣጥ መዝኑኝ። በእነዚያ አራት ወራት ከስብሰባ አልቀረሁም፤ ቁጠባዬን በቀኑ አስገብቻለሁ፤ ማንንም እርዳታ አልጠየቅኩም። ሙሉ ነጥብ አገኝ ነበር። ግንቦት ላይ ስጠይቅ ግን ይቀነስብኝ ነበር።

የኮሚቴያችን ስጋት

ሆኖም ኮሚቴያችንን ከንቱ ተናገረ ማለቴ አይደለም። ስጋታቸው እውነት አለው። በየጊዜው የምትጠይቅ፣ የተነገራትን ግን የማትይዝ አባል አለች። ሁልጊዜ የምትጠየቀውም ያችው አንዲት የምታውቅ እህት ናት፤ የራሷ ሥራ ይበደላል። ማኅበሩም ሊደክም ይችላል።

በዚህ ላይ ተመራማሪዎች ሠርተውበታል። አሪ ናድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ጥሩ የሥራ ምዘና ያገኙት ጨርሶ የማይጠይቁት አይደሉም፤ አብዝተው የሚጠይቁትም አይደሉም፤ በመጠኑ የሚጠይቁት ናቸው። ናድለር ሁለት ዓይነት ጥያቄ እንዳለም ያስተምራል። አንዱ «ሥሩልኝ» ነው። ሌላው «እንዴት እንደሚሠራ አሳዩኝ» ነው። ሁለተኛው ሰውን ያሳድጋል። ለጋሾቻችን «አሳ ከመስጠት አሳ ማጥመድ ማስተማር» የሚሉት ይህንኑ ነው። አባባሉ ጥሩ ነው፤ ሐይቅ ዳር የምንኖር እኛ ግን የምንጨምርበት አለን። ማጥመድ የሚችለውም አጥማጅ መረቡን ሲጎትት ጀልባው ላይ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል።

ሌላም ጥናት አለ። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት ሰው እርዳታ ሊጠይቅ ሲነሣ የሚከለክሉትን አብዝቶ፣ እሺ የሚሉትን አሳንሶ ይገምታል። የሚያስፈልጋቸውን ያህል ፈቃደኛ ለማግኘት ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለባቸው ሲገምቱ፣ ግምታቸው ከሆነው እጥፍ ያህል ነበር። እኔም ያችን ልጅ አራት ወር የፈራኋት በዚህ ዓይነት ግምት ነው።

የራስ አገዝ ቡድን አሠራር በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2002 በናዝሬት በአምስት ቡድኖች ተጀምሮ ዛሬ የደረሰበት ደርሷል። ሐሳቡ ከሕንድ የመጣ ቢሆንም እዚህ ሥር የሰደደው እቁብና እድርን በሚያውቅ አፈር ላይ ስለወደቀ ይመስለኛል። መሠረቱም በየሳምንቱ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ሰብሳቢነትን በተራ መያዝ፣ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ችግርንም ማውጣት ነው። ችግር ያወጣችን የምንቀጣ ከሆነ የሚቀረን ገንዘቡ ብቻ ነው፤ ለእርሱማ ባንክ አለ።

ለጉባኤ የማቀርበው

ስለዚህ ነጥቡ ይቅር አልልም፤ እንዲስተካከል ግን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የመክፈያ ቀን ከማለፉ በፊት መጥታ «አልሆነልኝም» ያለች እህት ነጥብ አይቀነስባት። ቀኑ ካለፈ በኋላ ተፈልጋ የተገኘችው ላይ ይቀነስ። ገመዱን በጊዜ የሳበችና መስመሩ ከተበላሸ በኋላ የተያዘች አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ በመዝገባችን «የተጠየቀ እርዳታ» የሚል ዓምድ ይጨመር። ምን ተጠየቀ፣ ማን ረዳ፣ ምን ተፈታ ይጻፍ። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከተደገመ አንዷ ሰው ስታስቸግር ሳይሆን ሥልጠና እንደጎደለን ይነግረናል። ለጋሾቻችንም ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚያስፈልገን የምናሳየው ከዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ወንፈሉ ይመለስ። ሒሳብ ያሳየችሽን እህት በቻልሽው መልሺላት፤ አንድ ቀን ሱቋን ጠብቂላት፣ ልጇን ያዢላት፣ አሳዋን አጽጂላት። የማትመልስ ነጥብ ይቀነስባት። አያቶቻችንም የቀነሱት እዚህ ላይ ነበር።

አራተኛ፣ ብድር የሚመዝነው ኮሚቴና ምክር የሚሰጡት እህቶች የተለያዩ ይሁኑ። ነጥብ በእጁ የያዘ ሰው ፊት ማንም «አላውቅም» ብሎ አይናገርም፤ ከሰባ ዓመት በፊት በዚያ በአሜሪካ ቢሮ የታየውም ይኸው ነው።

እህቶቼ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አራት ወር ሸሽጌ ምን እንደሆንኩ ነገርኳችሁ። ከእናንተም መካከል ዛሬ መዝገቧን ወይም ዕዳዋን ሸሽጋ የተቀመጠች ትኖር ይሆናል። ጉባኤው እስኪደርስ አትጠብቂ። ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ በኋላ እኔ ሁልጊዜ ምድጃዬ አጠገብ ነኝ። መዝገብሽን ይዘሽ ነይ። እኔ ካልቻልኩ ያችን ልጅ እጠራታለሁ፤ አሁን ኮሌጅ ገብታለች፣ ግን ትመጣለች።

በጉባኤው ላይ በሰላም ያገናኘን።